የይበልጣል የነፍጥ ሣጥን እንዴት እንደ ተሰናዳ

ዴን ሃግ፣ ሙርዋይክ
ታኅሣሥ 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ባለቤቴ ለይበልጣል፤ ሐዋሳ፣ ከእናቱ አጥር ሥር

እንዴት ከረምክ? እኔ ደኅና ነኝ። ልጅህ ሳያትም ደኅና ናት፤ ፈተናዋን አልፋ፣ አምስተርዳም አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ከሁለት ብስክሌት ጋር ትኖራለች። ዝናቡም ደኅና ነው፤ አንተ ከሄድክ ወዲህ አንድም ቀን አልታመመም።

ደብዳቤ አይተህ እንዳትደነግጥ፣ የሞተ ሰው የለም። የጻፍኩልህ ስልኩ ስላስቸገረን ነው። ስለ አየሩ ስናወራ ድምፅህ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ «ትኬቱን መቼ ነው የምትቆርጠው?» ስልህ ግን ኔትዎርኩ ውሃ ውስጥ ይገባል። ወረቀት ኔትዎርክ አይፈልግም። ሙሉነህ ማክሰኞ ከስኪፖል ስለሚበር ለእሱ እሰጠዋለሁ፤ እጅህ ላይ አስቀምጦ፣ አንብበህ እስክትጨርስ ካጠገብህ እንዳይነሳ አደራ ብዬዋለሁ። አሁን ፊት ለፊትህ ተቀምጦ ከሆነ ሻይ በለው፤ ደብዳቤው አጭር አይደለም።

እማማ እግራቸው ድኖ ገበያ ደርሰው እንደሚመለሱ ራሳቸው ነግረውኛል። እግዚአብሔር ይመስገን። ለእግራቸው ብለህ ሄደህ ለአጥሩ መቅረትህ ግን ለእሳቸውም አልገባቸውም። «ልጄ፣ አጥሩ እንኳ ድሮም ቆሞ ነበር» ነው ያሉኝ። እኔም ወሬውን ወደ ገበያው መለስኩት። ባሏን ለአማቷ የምታማ ምራት እንዳልባል ፈርቼ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ።

መስከረም ላይ ሜኔር ሆውትማን ደወለ። የተኩስ ክለብህ ሊቀመንበር፣ ያ ጢሙ ከነፍጡ ይልቅ ባሩድ ባሩድ የሚሸተው ሽማግሌ። «ይበልጣል የት ነው?» አለኝ። «አጥር ላይ ነው» አልኩት። ከዚያ ደንቡን ነገረኝ፦ በዓመቱ መዝጊያ ውድድር ላይ ያልቆመ አባል ቦታው ተራ ለሚጠብቅ ሰው ይሰጣል። ተራ የሚጠብቀውም ብዙ ነው። በዚህ አገር ከመቶ ምናምን ዓመት በፊት በተሠራ፣ በአፈሙዙ በሚጎርስ ነፍጥ ወረቀት ለመምታት የሚሰለፍ ሰው ይህን ያህል ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ለኮንዶሚኒየም የተሰለፉ ነው የሚመስሉት።

ስልኩን ዘግቼ አሰብኩ። ይህን ሰው ወደዚህ አገር ሊመልሰው የሚችል ነገር ምንድን ነው? ዝናቡ አይደለም። የሮተርዳም ወደብ ፈረቃም አይደለም፤ ከዚያ ስትመለስ ጫማህን እንኳ የምታወልቀው ከእኔ ጋር የተጣላህ ያህል ነበር። የእኔንም ነገር ለጊዜው እንተወው። ቅዳሜ ሻርሎይስ ካለው ክለብህ ስትመጣ ግን ደረጃውን እያፏጨህ ነበር የምትወጣው። አራተኛ ፎቅ ድረስ! ስለዚህ ያቺ ቦታ ከጠፋች ያ አጥር በሕይወታችን አያልቅም ብዬ ደመደምኩ።

መፍትሔውም ወዲያው ታየኝ። እድራችን እንዴት ነው? ባል ካልመጣ ሚስት ትቀመጣለች፣ ሚስት ካልተመቻት ልጅ ይላካል። ስም ሲጠራ «አለን» ይባላል፣ አለቀ። የሚቆጠረው ቤቱ ነው። ሜኔር ሆውትማን ጋ መልሼ ደወልኩና «እኔ ብተኩስስ?» አልኩት። ትንሽ አሰበ። «ለምን አትተኩሺም? ቅዳሜ ነይና እንሞክርሽ» አለኝ። እኔም የቤታችንን ቦታ አዳንኩ ብዬ በእልልታ ስልኩን ዘጋሁ።

ሳያት ስትሰማ ከአምስተርዳም ጮኸች። «ማማ፣ ቤን የ ኼክ? አብደሻል እንዴ? አንቺ ማማሰያ ሲወድቅ እንኳ ትጮሂያለሽ!»

«እየጮኽኩ ነዋ የምተኩሰው» አልኳት።

እንዳልኩትም አደረግሁ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ነፍጡ ሲጮህ እኔም አብሬ ጮኽኩ። ጭሱ ሲገለጥ ዒላማው እንደነበረ ነው፤ እኔም እንደነበርኩ ነኝ፤ ያልተገኘው ጥይቱ ብቻ ነው። ሜኔር ሆውትማን ግን ታጋሽ ሰው ነው። በኅዳር እየጮኽኩም ቢሆን ወረቀቱን መበሳት ጀመርኩ።

ያስቸገረኝ ነፍጡ አይደለም፣ ሣጥንህ ነው።

«ሣጥኔን እንዳትነኪ» ያልከው ቃል አልተረሳኝም። ነክቼዋለሁ። ከፍቼ ሳየው ሣጥን ሳይሆን የፍቺ ምክንያት ነው ያገኘሁት። የእርሳስ ጥይቶቹ በለውዝ ቅቤ ጠርሙስ ውስጥ ናቸው። የተቀረቀረ ጥይት ማውጫው መሰርሰሪያ ካልሲ ውስጥ ነው፤ ካልሲው ሁለተኛ የለውም። የእኔ የጥርስ ብሩሽ ጥቁር ሆኖ ተኝቷል፤ እኔ እኮ ያኔ ሳያትን ነው የጠረጠርኳት። ከሁሉ በላይ ግን ለጥይት መጠቅለያ በክብ በክብ የተቆራረጠውን ነጭ የጥጥ ጨርቅ ገልብጬ ሳየው ጠርዙ ላይ ጥልፍ አለው። ይበልጣል፣ እህቴ ሰናይት የላከችልኝ የትራስ ልብስ! «ማጠቢያው ማሽን በልቶት ይሆናል» ብለህ አብረኸኝ ፈልገሃል እኮ! ተንበርክከህ!

እንግዲህ የዚህ ዓይነት ነፍጥ ሥርዓት አለው። ላስተምርህ ሳይሆን ማወቄን እንድታውቅ ነው። መጀመሪያ የተለካ ባሩድ በአፈሙዙ ይፈስሳል። ቀጥሎ ቅባት የነካው ጨርቅ፣ በጨርቁ ላይ ድቡልቡሉ እርሳስ፣ ከዚያ በዘንግ እስከ ታች መጠቅጠቅ። በመጨረሻ ኋላ ላይ ብልጭታ የምትሰጠው ትንሿ የመዳብ ቆብ። እሳት የሚረጭ ነገር ስለሆነ ሰው በሚተኩስበት ጊዜ ሁሉ የሣጥኑ ክዳን መዘጋት አለበት። በአንተ ሣጥን አንድ ጨርቅ ለማውጣት ካልሲውን፣ ጠርሙሱንና ብሩሹን ጠረጴዛው ላይ መዘርገፍ ያስፈልጋል። እኔ ስዘረግፍ ሜኔር ሆውትማን «ክዳን!» ይላል። እዘጋለሁ። እከፍታለሁ። «ክዳን!» ይላል። አንድ ቀን ሙሉ ልምምዴ ክዳን ሲከፍቱና ሲዘጉ መዋል ሆነ።

«ተሻለች» ብሎ በመጨረሻ በስሜ ጠራኝ፣ «በዚህ ሣጥን ሰዓቱ ያልቅብሻል። በውድድር ደግሞ ከሌላ ሰው ሣጥን መበደር ክልክል ነው።»

ደሜ ፈላ። እኔ ማን ነኝ? የቤት ለቤት እንክብካቤ ሠራተኛ ነኝ! የሙርዋይክ ሽማግሌዎች የልብ፣ የስኳር፣ የደም ግፊት ኪኒናቸውን በእኔ እጅ ነው የሚያገኙት። ለሜፍራው ያንሰን አሥራ አንድ ዓይነት መድኃኒት አንዱን ከአንዱ ሳላቀላቅል የምደረድር ሴት በአንድ ጨርቅና በአንድ እርሳስ ልዋረድ?

ያን ሳምንት የኪኒና ሣጥን ይዤ ቤት ገባሁ፤ ያ ከሰኞ እስከ እሁድ፣ ጠዋትና ማታ የሚለው። አሥራ አራት ጉድጓድ አለው። ውድድሩ አሥራ ሦስት ጥይት ነው፤ የተሻሉት አሥሩ ይቆጠራሉ። በየጉድጓዱ አንድ እርሳስ፣ አንድ ጨርቅ፣ አንድ ቆብ አስቀመጥኩ። እሁድ ማታ መጠባበቂያ ነው። ባሩዱ ክለቡ ዘንድ ስለሚቀመጥ፣ እዚያ ተለክቶ የሚሞላበት ክዳን ያላቸው ትንንሽ ብልቃጦች በእንጨት ላይ በስቼ ሰካሁ። ሣጥኑን ሁለት ደርብ አደረግሁት፤ የላይኛው ለደስታ፣ የታችኛው ለመከራ። በላይኛው በግራ ባሩድ፣ በመሃል የኪኒና ሣጥን፣ በቀኝ ትርፍ ቆቦች ያሉበት የአንተ የቆብ ቆርቆሮ። በታችኛው የነፍጡ መፍቻ ቁልፍ፣ መርፌው፣ የተቀረቀረ ጥይት ማውጫው፣ ብሩሹ፣ መጥረጊያ ጨርቅ። እንዳይንኳኳ ከአሮጌው ፍራሻችን ስፖንጅ ቆርጬ በየመሃሉ ወሸቅሁ። ከአንተ ጎን ነው የቆረጥኩት፤ አልተኛህበትም ብዬ።

ቅባቱ ሌላ ጣጣ አመጣ። አንተ የበሬ ሞራ ነበር የምትቀባው። ጾመ ነቢያት ሲገባ የታች ፎቋ ጎረቤታችን እትዬ አበባይሽ ሞራውን በእጄ ላይ አዩ።

«በጾም? በዚህ እጅ ነው ነገ መስቀል የምትሳለሚው?»

«ለነፍጡ ነው እኮ እትዬ፣ አልቀምሰውም።»

«እሱስ ክርስቲያን ቤት አይደል የሚያድረው?»

የወይራ ዘይትና ሰም አቅልጬ ሌላ ቅባት ሠራሁ። ጨርቁ ሁሉ እንደ ሐር ሆነልህ። በዚህም መሠረት ነፍጥህ ዘንድሮ ነቢያትን እየጾመ ይገኛል፤ ከባለቤቱ ቀድሞ።

ውድድሩ ትናንት ቅዳሜ ነበር። ጠዋት ሣጥኔን ይዤ ስወርድ እትዬ አበባይሽ በራቸው ላይ የጸበል ጠርሙስ ይዘው ቆመዋል።

«ክፈችው» አሉኝ።

«እትዬ፣ ይህ ነገር ውሃ አይወድም...»

«ጸበል ውሃ ነው ያለሽ ማን ነው?»

ይህን ጥያቄ የሚመልስ ሰው ካለ አገናኘኝ። ከፈትኩት። በስመ አብ ብለው ሦስት ጊዜ ረጩት፤ ሦስተኛው መርጨት ሳይሆን ማጠጣት ነበር። ብልቃጦቹ ክዳን አላቸው፤ የኪኒናው ሣጥን እያንዳንዱ በር ግጥም ይላል። ክዳኑ የማይገጥመው የአንተ የቆብ ቆርቆሮ ብቻ ነው። ጠረግሁት፤ የደረቀም መሰለኝ። ሜትሮ ውስጥ አንድ ሰውዬ ሣጥኑን አይቶ «አዋላጅ ነሽ?» አለኝ። «አዎ፣ ዛሬ መንታ ነው» አልኩት። ሰው ለማስደሰት ያህል።

ሳያት ከአምስተርዳም መጥታ ክለቡ በር ላይ ጠበቀችኝ። «ቪዲዮ ልቀርፅሽ ነው የመጣሁት፤ ልደግፍሽ እንዳይመስልሽ» አለች። ስልኳን ግን ከኪሷ አላወጣችም።

ተሰለፍን። ዘጠኝ ሆነን ነው፤ ስምንት ጢምና እኔ። የመጀመሪያውን ጥይት ከሰኞ ጠዋት አወጣሁ፤ ቆቡን ግን ከአንተ ቆርቆሮ ወሰድኩ። የአንተ ቦታ አይደል? ለአክብሮት ብዬ ነው። አነጣጠርኩ። ምላጩን ሳብኩ።

ጭጭ።

ሲከሽፍ ሥርዓቱን ታውቀዋለህ፤ እሳቱ ዘግይቶ ሊነሳ ስለሚችል አፈሙዙን ከዒላማው ሳያዞሩ ቀጥ ብሎ መቆም ነው። ቆምኩ። ክንዴ ዛለ፣ ቆምኩ። ጢሞቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። ሳያት ከኋላዬ «ማማ፣ እንዳትነቃነቂ፣ እንዳትነቃነቂ» ትላለች። ኪዳኑን፣ ቅዳሴውን፣ ስብከቱን፣ ከስብከቱ በኋላ ያለውን ማስታወቂያ ሁሉ ቆሜ ለማሳልፍ ሴት ይህ ምኗ ነው? ሜኔር ሆውትማን መጥቶ ቆቡን በመርፌ አነሳና አየው።

«እርጥብ ነው። ዝናብ ነካው?»

«ሄይሊኽ ዋተር» አለች ልጅህ። የተቀደሰ ውሃ ነው፣ ማለቷ ነው።

መነጽሩን አወለቀ። ሌላውን ዳኛ ጠራ። ደንቡን አወጡ። ዝናብ ተጽፏል፤ ላብ ተጽፏል፤ ቢራ እንኳ ለብቻው አንቀጽ አለው። ጸበል የለም። ሁለቱ አዛውንት ጎንበስ ብለው፣ ከኒቂያ ጉባኤ ወዲህ ያልታየ ጥሞና አሳይተው፣ «ከራሷ ሣጥን ደረቅ ቆብ ካላት ትቀጥል» ብለው ወሰኑ። እኔም የሰኞ ጠዋትን ደረቅ ቆብ አወጣሁ።

ሳያት ዒላማውን በሩቅ ማያ መነጽር እያየች መጮህ ጀመረች። «ሰኞ ጠዋት፣ ስምንት! ሰኞ ማታ፣ ዘጠኝ! ማማ፣ ማክሰኞ ጠዋት አሥር!» ጢሞቹ መጀመሪያ ግራ ገባቸው፤ ከዚያ ገባቸው። ከዚያማ ማን ያቁማቸው! አንዱ የራሱን ነፍጥ ትቶ «ሐሙስሽ እንዴት ነው?» ይለኛል። ረቡዕና ዓርብ ጥይቶቼ የዒላማውን ጥቁር መሃል ሳይቀምሱ በነጩ በኩል አለፉ፤ ጾመኛ ናቸው፣ አልፈርድባቸውም። ቅዳሜ ማታ ላይ ሣጥኔን ሳልመለከት ነበር እጄ የሚያገኘው። ክዳኑን ከፍቼ ስዘጋ «ክዳን!» የሚለኝ አልነበረም። እሁድ ጠዋትን ስተኩስ ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ፤ አልጮኽኩም።

አራተኛ ወጣሁ። አንተ አምና ሰባተኛ ነበርክ። ይህን የማነሳው ለመረጃ ያህል ነው።

ሜኔር ሆውትማን እጄን ጨበጠና «እንኳን ደስ አለሽ፣ ቦታው ያንቺ ነው» አለኝ።

«የይበልጣል ነው» አልኩት።

«አይደለም። የቆመው ሰው ነው የሚያገኘው። የቆምሽው አንቺ ነሽ።»

መጀመሪያ የቀለደ መሰለኝ። ከዚያ እድርን አስረዳሁት። ባል ባይመጣ ሚስት እንደምትቀመጥ፣ ስም ሲጠራ «አለን» እንደሚባል ነገርኩት። እጆቹን አጣምሮ በደንብ ሰማኝ። «ጥሩ ሥርዓት ነው» አለ። «እኛ ጋ ግን የምንቆጥረው ቤት አይደለም፣ ሰው ነው። ይበልጣል አልነበረም።»

ቀጥሎም፣ ክፉ ሰው አይደለም፣ በቅንነት ነው የጠየቀኝ፦ «እድራችሁ ውስጥ አንዲት ሚስት በባሏ ቦታ እስከ መቼ ድረስ ትቀመጣለች?»

ሳያት ልታስተረጉምልኝ አፏን ከፈተች። «ገብቶኛል» አልኳት።

«እስኪመጣ ድረስ» አልኩት።

«መቼ ነው የሚመጣው?»

ሳያት መስኮት መስኮቱን አየች። እኔ የታችኛውን ደርብ እንደገና ማስተካከል ጀመርኩ፤ የተስተካከለ ነበር።

እንግዲህ ይበልጣል፣ የሆነው ይህ ነው። ቦታህን ላድን ሄጄ ቦታህን ወሰድኩብህ። እንዲመልሱልህ ለመንኩ፤ አይሆንም አሉ። ስምህን ተራ ጠባቂዎቹ መጨረሻ ላይ አስገብቻለሁ፤ ከፊትህ ያሉት ወጣቶችና ጤነኞች ናቸው። እስከዚያው አባል የሆነ ሰው እንግዳ ይዞ መግባት ይችላል። እንግዳ ከመስመሩ ኋላ ይቆማል፤ ሣጥን ይሸከማል፤ ካልተጠየቀ ምክር አይሰጥም። የመጨረሻው ደንቡ ውስጥ የለም፣ እኔ ነኝ የጨመርኩት።

ይህን ሁሉ የደከምኩት ለነፍጡ ብለህ ትመጣለህ ብዬ ነበር። አሁን የምትመጣለት ነፍጥ የለም። እዚህ የቀረህ ሙርዋይክ አራተኛ ፎቅ፣ ፍራሹ ላይ ያለችው ቦታ ብቻ ናት፤ በጎኗ ስፖንጅ የጎደላት። ለእሷ የተሰለፈ ሰው የለም። እኔም ባዶ መሆኗን ለማንም አልነገርኩም። ሌሊቱን ሳስበው ግን አንድ ነገር ደስ አለኝ፤ ከእንግዲህ ከመጣህ ለምን እንደመጣህ አውቃለሁ። ካልመጣህም እንዲሁ።

ሙሉነህ ሻዩን ጨርሶ ከሆነ መልሱን በቃልህ ንገረው። ትንሽ ነገር ናት፤ ከአንድ ቃል አትበልጥም፤ ሻንጣውም አይከብድበትም።

እማማን ጉልበታቸውን ሳምልኝ። ሳያት ሰላም ብላሃለች፤ «ና በይው» ብላ ነበር፣ እኔ ነኝ እንዲህ ያሳመርኩት። እግዚአብሔር መንገድህን ያቅናልህ፤ መንገድ ከጀመርክ ማለቴ ነው።

ባለቤትህ
ተሻለች
የክለቡ አባል